ባዶ የቀረውን የማዕድን ዋሻ በፋብሪካ ትራፊ ስለ መሙላት

በኮሶዬና በአካባቢዋ ደጋ ላሉት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች የቀረበ ትምህርት

፩ኛ፤ መግቢያ

ሰው ከምድር ሆድ የሚያወጣውን ሁሉ ይቈጥራል፤ ይመዝናል፤ ይሸጣል። በምድር ሆድ ውስጥ ትቶት የሄደውን ባዶ ስፍራ ግን የሚቈጥረው ጥቂት ነው። ወርቁ ወይም የድንጋይ ከሰሉ ወይም የከበረው ድንጋይ ከወጣ በኋላ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው ከታች የተከፈተው ዋሻ ነው፤ ሁለተኛው ከላይ የተከመረው ጥራጊ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተለያይተው በኖሩ ጊዜ ሁለቱም ለሰው ሕይወት የሚያሠጉ ናቸው። በብልሃት ቢገናኙ ግን አንዱ ለሌላው መድኃኒት ይሆናል።

ነገር ግን መድኃኒት ከመጠን ቢያልፍ መርዝ እንደሚሆን የታወቀ ነው። ዋሻውን የሚሞላው ነገር የማይጸና እንደ ሆነ ወይም የምንጭን ውኃ የሚያበላሽ እንደ ሆነ፥ በዓይን የሚታየውን ጕዳት በዓይን ወደማይታይ ጕዳት ከመለወጥ በቀር ጥቅም የለውም። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ባዶውን መሙላት መልካም ነው፤ በምን እንደሚሞላና ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቁ መሙላት ግን መልካም አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ስለ አገራችን በተነገረበት ስፍራ ዘመኑ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው። ስለ ውጭ አገር በተነገረበት ስፍራ ግን በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

፪ኛ፤ ይህ ነገር የኮሶዬን ሰው ለምን ያገባዋል?

ኮሶዬ የእርሻና የከብት አገር ናት እንጂ የማዕድን ከተማ አይደለችም። እንግዲህ አንዳንዱ ሰው «ስለ ማዕድን ዋሻ መማር ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ግልጥ ነው። ቋጥኙ በመሶብ እንደ ተደራረበ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ ይታያል። ይህ ድርብርብ ከብዙ ዘመን በፊት፥ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፥ ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ድንጋይና አብሮት የወረደው አመድ ነው። ደጋማው የሰሜን ኢትዮጵያ ምድር ከሞላ ጐደል የተሠራው በዚህ ዓይነት ነው።

በወሎ በደላንታ ወረዳ በወገል ጤና አጠገብ ያለው ገደልም የዚሁ ድርብርብ ወገን ነው። በዚያ ገደል መካከል ኦፓል የሚባል፥ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ቀስተ ደመና ልዩ ልዩ ቀለም የሚያሳይ የከበረ ድንጋይ ይገኛል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የደላንታ ኦፓል በዓለም ገበያ ታወቀ። ድንጋዩ የሚገኝበት ንጣፍ ውፍረቱ በብዙ ስፍራ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቈፋሪዎች በዶማና በመዶሻ ንጣፉን እየተከተሉ ወደ ገደሉ ሆድ ጠባብ ዋሻ ይቈፍራሉ። በ2016 ዓ.ም. ከእነዚህ ዋሻዎች አንዱ ተንዶ ቈፋሪዎች ከውስጥ ተዘግተው የቀሩበት አደጋ በመላው አገር ተሰምቷል።

የደጋው ወጣት ሥራ ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ ነገ ከእነዚህ ዋሻዎች በአንዱ ይገባ ይሆናል። ደግሞም በየመንደሩ ለመንገድ ጠጠር፥ ለቤት ድንጋይ፥ ለሸክላ ጭቃ የሚወጣበት ጕድጓድ አለ። ለታላቁ ዋሻ የሚሠራው ሕግ ለታናሹ ጕድጓድም ይሠራልና፥ ነገሩን ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል።

፫ኛ፤ ባዶ ዋሻ ስለምን ይደረመሳል?

ቋጥኝ በተፈጥሮው በላዩ ያለውን ክብደት ሁሉ ተሸክሞ ይኖራል። አንድ ሜትር ኩብ ጽኑ ቋጥኝ ከ2 ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ከበላዩ 40 ሜትር ቋጥኝ ያለበት ዋሻ እንግዲህ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 100 ቶን ያህል ጭነት አለበት። ቈፋሪው የመካከሉን ድንጋይ ባወጣ ጊዜ ያ ጭነት አይጠፋም፤ ወደ ግድግዳውና ሳይቈፈር ወደ ቀረው ምሰሶ ይዛወራል። ከአንድ ቤት ምሰሶዎች አንዱ ቢነቀል የቀሩት የእርሱን ድርሻ እንደሚሸከሙ ማለት ነው።

ጣሪያው ወዲያው ካልወደቀ ሰው ዳነ ብሎ ያስባል። ነገር ግን ቋጥኝ ስንጥቅ አለው፤ ክረምት ሲመጣ ውኃ በስንጥቁ ይገባል፤ የአመድ ድንጋይና የሸክላ አፈር ሲርስ ይለሰልሳል። ስለዚህ ጣሪያው በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እየተቀረፈ ይወድቃል፤ ባዶውም ስፍራ እየወጣ ወደ ላይ ይጠጋል። ቈፋሪዎቹ ከሄዱ ከ10 ወይም ከ50 ዓመት በኋላ፥ ዋሻ መኖሩን የማያውቅ ገበሬ በሬውን ጠምዶ ሲያርስ መሬቱ ሊሠርግ ይችላል። የባዶ ዋሻ ክፋቱ ይህ ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው በተበዳሪው ሳይሆን በልጁ ወይም በጐረቤቱ ነው።

፬ኛ፤ ከላይ የተከመረው ጥራጊስ?

ከታች ያለው ባዶ እንደሚያሠጋ ሁሉ ከላይ ያለው ክምርም ያሠጋል። ስለዚህ ነገር የዓለም መምህራን ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። በብሪታንያ በዌልስ አገር አበርፋን የምትባል የከሰል ቈፋሪዎች መንደር ነበረች። ከማዕድኑ የወጣው ጥራጊ ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ብዙ ዓመት ሲከመር ኖረ። ከክምሮቹ አንዱ የተጣለው ምንጭ በሚፈልቅበት ስፍራ ላይ ነበር። በ1966 ጥቅምት 21 ቀን ከጧቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ፥ ልጆች ትምህርት በጀመሩበት ጊዜ፥ በውኃ የራሰው ክምር እንደ ጐርፍ ወርዶ ትምህርት ቤቱን ቀበረው። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም 116ቱ ልጆች ነበሩ። የመረመሩት ዳኞች አደጋው ሊቀር ይችል እንደ ነበረ ፈረዱ።

በአገራችንም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የቆሼው ጥራጊ ከከተማ የተጣለ እንጂ ከማዕድን የወጣ አይደለም። ነገር ግን ክምር በቁልቁለት ላይ ሲቆምና ውኃ ሲገባው የሚሆነው ነገር አንድ ነው።

በአበርፋን ሥር ያሉትን ቀዳዳዎችና በአበርፋን ላይ የነበረውን ክምር አስተባብሮ የሚመለከት ሰው፥ «ከዚህ የጐደለውና ከዚያ የተረፈው አንድ ነገር አይደለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ባዶ ዋሻን በትራፊ የመሙላት ጥበብ የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

፭ኛ፤ የጥበቡ ታሪክ በአጭሩ

የመጀመሪያው አሠራር ቀላል ነበር። የጥንት ቈፋሪዎች የማይጠቅማቸውን ድንጋይ ሁሉ ወደ ውጭ ከማውጣት ይልቅ ከኋላቸው በተተወው ዋሻ ውስጥ በእጃቸው እየካቡ ይተዉት ነበር። ይህም ድካምን ይቀንስላቸዋል፤ ጣሪያውንም ይደግፍላቸዋል። የእርሻ እርከን የሚክብ የደጋ ገበሬ ይህን ሥራ ሳይማር ያውቀዋል ለማለት ይቻላል።

በ19ኛው መቶ ዓመት በሰሜን አሜሪካ በፔንሲልቫንያ፥ ሼናንዶዋ በምትባል የከሰል ከተማ፥ ከሥሯ የተቈፈረባት አንዲት ቤተ ክርስቲያን መሠረቷ እንዳይናጋ ጥራጊውን ከውኃ ጋር አድርገው ወደ ዋሻው አፈሰሱት። በ1901 ደግሞ ዛሬ የፖላንድ ግዛት በሆነው በላይኛው ሲሌዝያ፥ በሚስሎቪትሴ የከሰል ማዕድን፥ አሸዋን በውኃ ኃይል በቧንቧ ወደ ዋሻ መስደድ ተጀመረ። ወደ 1980 ገደማ በጀርመን በባድ ግሩንድ የእርሳስና የዚንክ ማዕድን፥ የተፈጨው ትራፊ ውኃው ተቀንሶለት እንደ ሊጥ ወፍሮ ወደ ዋሻ የሚገባበት ብልሃት ተገኘ።

የፋብሪካ ትራፊ ለዚህ ሥራ እንዴት እንደ ዋለ ሁለት ምሳሌ እንስጥ። በአውስትራልያ በማውንት አይዛ፥ መዳብ ሲቀልጥ ተለይቶ የሚወጣውን ዝቃጭ ፈጭተው በሲሚንቶ ፋንታ በከፊል ለዋሻ መሙያ አዋሉት። በእንግሊዝ አገር በኖርዝዊች ከተማ ሥር ደግሞ በቀደመው ዘመን ጨው የወጣባቸው ታላላቅ ዋሻዎች ነበሩ። በከተማው ቤቶችና መንገዶች ሲሠርጉ ብዙ ዘመን ኖሩ። ከ2004 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት ከኤሌክትሪክ ማመንጫ የተረፈው የከሰል አመድ ከጥቂት ሲሚንቶና ከጨው ውኃ ጋር ተለውሶ ከከተማው ሥር ወዳሉት አራት ዋሻዎች ተሰደደ። በዋሻዎቹ የነበረው የጨው ውኃ እየወጣ፥ በፋንታው አመዱ እየገባ፥ ውሎ አድሮም እየጠነከረ ከተማውን ደገፈ። በላይ ሸክም የነበረው አመድ በታች ምሰሶ ሆነ ማለት ነው።

፮ኛ፤ የአሠራሩ ዓይነቶች

ዛሬ ባዶ ዋሻ የሚሞላበት አሠራር በአራት ይከፈላል።

አንደኛው፤ ደረቅ ድንጋይ መካብ ወይም መድፋት ነው። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በድንጋዮቹ መካከል ብዙ ክፍተት ስለሚቀር ጣሪያው ጥቂት ዝቅ ሳይል አይቀርም።

ሁለተኛው፤ አሸዋ የመሰለውን ትራፊ ከብዙ ውኃ ጋር በቧንቧ ማፍሰስ ነው። በዋሻው አፍ ጽኑ መከለያ ይሠራል፤ ውኃው በመከለያው እየተጣራ ይወጣል፤ አሸዋው ይቀራል።

ሦስተኛው፤ ደቃቁን ትራፊ ውኃውን ቀንሶ እንደ ሊጥ አድርጎ ከሲሚንቶ ጋር መስደድ ነው። ሲሚንቶው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ከ3 እስከ 7 እጅ ያህል ነው።

አራተኛው፤ የተፈለጠ ድንጋይን ከሲሚንቶ ውኃ ጋር አደባልቆ መሙላት ነው። ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚጸና ነው፤ ወጪውም ከፍ ያለ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ ውድ የሆነው ነገር ማጣበቂያው፥ ማለት ሲሚንቶው ነው። የፋብሪካ ትራፊ ዋና ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የከሰል አመድና ከብረት ማቅለጫ የሚወጣ ዝቃጭ በሚገባ ሲፈጩና ከኖራ ወይም ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኙ በውኃ ይጠነክራሉ። ምክንያቱም በእሳት ያለፈ የሲሊካና የሸክላ ደቃቅ ከኖራ ጋር ተዋሕዶ ድንጋይ የሚመስል ነገር ስለሚወልድ ነው።

ይህ ምስጢር ለጐንደር አገር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ17ኛው መቶ ዓመት የዐፄ ፋሲል ግንብ ሲሠራ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘው ኖራ ነው። የጥንት ሮማውያንም ኖራን ከእሳተ ገሞራ አመድ ወይም ከተፈጨ ገል ጋር ሲያደባልቁ በውኃ ውስጥ እንኳ የሚጸና ጭቃ አገኙ። በአገራችንም የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካን የመሳሰሉት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ፈጭተው በሲሚንቶው ውስጥ ይጨምራሉ። የከሰል አመድና የማቅለጫ ዝቃጭ የሚሠሩት ሥራ የዚሁ የእሳተ ገሞራ አመድ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እሳቱን ያነደደው ሰው መሆኑ ነው።

፯ኛ፤ ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደርሰናል። «ባዶ ስፍራ አለ፤ ጥራጊም አለ፤ እንግዲህ ጥራጊውን በባዶው መጣል ነው» ብሎ የሚፈርድ ሰው ሦስት ነገር ረስቷል።

መጀመሪያ፤ መርዝን ረስቷል። አመድን በጨርቅ ቋጥሮ ውኃ ያፈሰሰበት ሰው፥ የሚንጠባጠበው ውኃ የሚያዳልጥና እጅን የሚበላ መሆኑን ያውቃል። ከአመዱ ውስጥ አንድ ነገር ሟሙቶ ወጥቷል ማለት ነው። የፋብሪካ አመድ ደግሞ አርሰኒክንና እርሳስን የመሳሰሉ ጕዳት የሚያደርሱ ነገሮች ሊኖሩበት ይችላል። ድኝ ያለበት የማዕድን ድንጋይም አየርና ውኃ ሲያገኘው አሲድ ያወጣል፤ አሲዱም ሲሚንቶውን ያደክማል፤ ውኃውንም ያበላሻል። ስለዚህ ማናቸውም ትራፊ ወደ ምድር ከመግባቱ በፊት በቤተ ሙከራ በውኃ ተፈትኖ የሚወጣው ነገር ሊታወቅ ይገባል።

በአገራችን የማዕድን ፍሳሽ ጉዳይ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የለገ ደምቢ ወርቅ ማውጫ ታሪክ ያስረዳል። በጉጂ በሻኪሶ አጠገብ ያሉት ነዋሪዎች ጤናችን ተጐዳ ብለው አቤቱታ ስላሰሙ፥ መንግሥት በ2010 ዓ.ም. የሥራውን ፈቃድ አገደ፤ ሥራው እንደ ገና የተፈቀደው በ2013 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛ፤ ዋሻን የመርዝ ጐተራ ማድረግ አደጋ መሆኑን ረስቷል። በፈረንሳይ አገር በአልዛስ፥ ቪተልሳይም በተባለ ስፍራ፥ የፖታስ ጨው የወጣበትን ዋሻ ከ1999 ጀምሮ ለአደገኛ ጥራጊ ማከማቻ አደረጉት። በ2002 በውስጡ እሳት ተነሣና ሥራው ቆመ። ከ40,000 ቶን በላይ ጥራጊ ከታች ነበረ፤ በአካባቢው ደግሞ ሕዝብ የሚጠጣው ታላቅ የከርሰ ምድር ውኃ አለ። ከዚያ ወዲህ ይውጣ ወይስ ይዘጋ እየተባለ ለብዙ ዓመት ክርክር ሆነ። ከዚህ የምንማረው፥ መሙላትና መደበቅ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። መሙላት ማለት ምድሩን ለመደገፍ የሚጠቅም የማይጐዳ ነገር ማስገባት ነው፤ መደበቅ ማለት ሰው ከፊቱ ሊያየው ያልወደደውን ነገር ለልጁ ማስቀመጥ ነው።

ሦስተኛ፤ የውኃን ኃይል ረስቷል። ገና ያልጠነከረ፥ ውኃው ያልተጣራለት ሙሌት እንደ ተገደበ ጐርፍ ነው። በ2000 በምዕራብ አውስትራልያ በብሮንዝዊንግ የወርቅ ማዕድን መከለያው ተሰብሮ ጭቃው በፈሰሰ ጊዜ 3 ሠራተኞች ሞተዋል። ስለዚህ ዋሻ የሚሞላው ባለሙያው መከለያውን ለክቶ፥ ውኃው የሚወጣበትን መንገድ አዘጋጅቶ ነው እንጂ፥ እንደ መሰለው አይደለም።

፰ኛ፤ የሒሳብ ምሳሌ

መምህራን ለልጆች እንዲያስረዱት አንድ ምሳሌ በቍጥር እናቅርብ። ርዝመቱ 20 ሜትር፥ ወርዱ 2 ሜትር፥ ከፍታው 1 ሜትር ተኩል የሆነ ዋሻ አለ እንበል። ባዶው ስፍራ 20 በ2 በ1.5 ሲባዛ 60 ሜትር ኩብ ነው።

ጽኑ ቋጥኝ ሲፈለጥ በመካከሉ ክፍተት ስለሚገባ ይነፋል፤ አንዱ ሜትር ኩብ ወደ አንድ ተኩል ይሆናል እንበል። ስለዚህ ከዋሻው የወጣው 60 ሜትር ኩብ ቋጥኝ ከደጅ 90 ሜትር ኩብ ክምር ሆኖ ይታያል። ከዚህ ውስጥ 60ው ብቻ ወደ ዋሻው ሊመለስ ይችላል፤ 30ው ከደጅ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ ዋሻን መሙላት ክምርን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋም። የቀረው ተደልድሎ፥ የጐርፍ መውረጃ ተሠርቶለት፥ አፈር ለብሶ ሣርና ዛፍ ሊተከልበት ይገባል።

ደግሞ የተፈለጠ ድንጋይ በሜትር ኩብ 1.6 ቶን ይመዝናል ብንል፥ 60 ሜትር ኩብ 96 ቶን፥ ማለት 96,000 ኪሎ ይሆናል። አንዲት አህያ በአንድ ጊዜ 50 ኪሎ ብትጭን 1,920 ጭነት ያስፈልጋል። ይህ ለአንዲት ታናሽ ዋሻ ነው! እንግዲህ ትራፊውን ከሩቅ አገር ማምጣት ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ ከዚህ ይታወቃል።

በአዲስ አበባ በረጲ በ2010 ዓ.ም. ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመርቋል፤ የተቃጠለ ቆሻሻም ምንጊዜም አመድ ይተዋል። ነገር ግን የአዲስ አበባን አመድ እስከ ደላንታ ገደል መጫን ከሥራው ጥቅም ይልቅ የመንገዱ ወጪ ይበልጣል። ስለዚህ ለአገራችን የሚስማማው ሕግ ይህ ይመስላል፤ መጀመሪያ ዋሻው ራሱ በወለደው ድንጋይ ይሞላ፤ ቀጥሎም በቅርብ የሚገኝ፥ ተፈትኖ ንጹሕነቱ የታወቀ የፋብሪካ ትራፊ ለማጣበቂያ ይታከል። ሩቅ ያለውን ትራፊ ግን በዚያው በአቅራቢያው ላለ ሥራ ማዋል ይሻላል።

ሌላም ነገር አለ። የደላንታ ዋሻ ቈፋሪ ጠባብ ንጣፍ ተከትሎ ሲገባ፥ የሚያወጣውን ድንጋይ ወደ ገደሉ ይደፋዋል። ያው ድንጋይ ባለሙያ በሰጠው ልክ ከኋላው በሥርዓት ቢካብ፥ ጣሪያው ድጋፍ ያገኛል፤ ከገደሉ በታች ያለው እርሻም ከናዳ ይድናል። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሥራውን በቍፋሮው መጀመሪያ ማሰብ ነው። ዋሻ ከተተወ በኋላ ለመሙላት መግባት ሌላ ነፍስ ማሳለፍ ነው፤ ገና ሲቈፈር እየሞሉ መሄድ ግን የብልህ ሥራ ነው።

፱ኛ፤ በትምህርት ቤት የሚደረግ ፈተና

የመጀመሪያው ፈተና ስለ ጽናት ነው። መምህሩ ሦስት ጣሳ ያቅርብ። በአንደኛው እርጥብ አፈር ጠቅጥቆ ይሙላ። በሁለተኛው 8 እጅ አሸዋና 2 እጅ በውኃ የበረደ ኖራ አደባልቆ ይሙላ። በሦስተኛው 6 እጅ አሸዋ፥ 2 እጅ እጅግ የላመ የገል ዱቄትና 2 እጅ ኖራ ይሙላ። ገሉ ከተሰበረ እንስራ ወይም ምጣድ ይገኛል፤ ከጐንደር ወደ ኮሶዬ በሚመጣው መንገድ ያለችው ወለቃም በሸክላ ሥራ የታወቀች ናት። ሁለቱ እንደ ሊጥ በውኃ ይለወሱ። ጣሳዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ 28 ቀን ካቆየ በኋላ ሙሌቱን አውጥቶ በውኃ ውስጥ ያስቀምጠው። አፈሩ ወዲያው ይፈርሳል፤ ገል ያለበት ከሁለቱ ይልቅ እንዲጸና ይጠበቃል። ኖራ ዓይንን ስለሚያጠፋና ቆዳን ስለሚያቃጥል መምህሩ ራሱ ይያዘው፤ ልጆች አይንኩት።

ሁለተኛው ፈተና ስለ ውኃ ነው። የምድጃ አመድ በጨርቅ ቋጥሮ ውኃ ያፍስስበትና የሚንጠባጠበውን በሌላ ዕቃ ይቀበል። ከዚያም በሁለት ሰሐን 20፣ 20 ፍሬ ገብስ አድርጎ፥ አንዱን በንጹሕ ውኃ፥ ሁለተኛውን በአመዱ ውኃ ያርጥብ። ከአንድ ሳምንት በኋላ የበቀለውን ልጆች ይቍጠሩ፤ በደብተራቸውም ይጻፉ። በትራፊ የተሞላ ጕድጓድ ከምንጭ በላይ ቢሆን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ ይረዳሉ።

፲ኛ፤ የሽማግሌዎች ድርሻ

አባቶቻችን «ጕድጓድ ስትምስ አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» ይላሉ። ምሳሌው የተነገረው ስለ ተንኰል ነው፤ ለዚህም ነገር ግን እንደ ቃሉ ይሠራል። በየመንደሩ ጥንት ድንጋይ የወጣበትን፥ ጭቃ የተማሰበትን፥ መሬት የሠረገበትን ስፍራ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ይህ ዕውቀት ሳይጻፍ ባለቤቱ ባለፈ ጊዜ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ሽማግሌው ይንገር፤ መምህሩ ይጻፍ፤ ልጆችም ስፍራውን በወረቀት ይሣሉ። በጽሑፉም አራት ነገር ይግባ፤ ስፍራው የት እንደ ሆነ፥ ጥልቀቱ በግምት ስንት እንደ ሆነ፥ መቼ እንደ ተቈፈረ፥ በአጠገቡና ከበታቹ ምንጭ መኖሩን።

ክፍት ጕድጓድ ወይም አሮጌ ዋሻ የተገኘ እንደ ሆነ ማንም አይግባበት፤ በውስጡ አየሩ የተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ ጣሪያውም አይታመንም። በእሾህ አጥር ይታጠር፤ ለቀበሌና ለወረዳ በጽሑፍ ይነገር። ጥልቀት የሌለውን የጠጠር ጕድጓድ በድንጋይና በንጹሕ አፈር ሞልቶ ዛፍ መትከል የመንደሩ ሥራ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የባትሪ ድንጋይ፥ የተቃጠለ ዘይት፥ የመድኃኒት ብልቃጥ፥ የፀረ ተባይ ጣሳና የላስቲክ ጥራጊ ከቶ አይጣልበት። ከደጋ የወረደ ውኃ ቆላ ይደርሳል፤ ኮሶዬ ላይ የተጣለውን ነገር ከገደሉ በታች ያለ ሰው ሳያውቀው ይጠጣዋል።

ምናልባት አንድ ቀን የማዕድን ሠራተኛ ወይም የፋብሪካ ሰው ወደ አገሩ መጥቶ ጕድጓዳችሁን እኛ እንሞላላችኋለን ይል ይሆናል። ያን ጊዜ ሽማግሌው ሦስት ጥያቄ ያቅርብለት። የምትሞላበት ነገር በውኃ ተፈትኗልን? ይጠነክራልን? ከሞላህስ በኋላ ምንጩን በየዓመቱ እየመረመረ የሚኖር ማን ነው? ለሦስቱም በጽሑፍ መልስ የሰጠ ሰው ምድርን ሊደግፍ የመጣ ነውና በደስታ ይቀበሉት። መልስ ያጣ ሰው ግን ሸክሙን ሊያራግፍ የመጣ ነውና ሌላ ስፍራ ይፈልግ።

ምድር የወሰዱባትን ስትቀበል ጸጥ ትላለች፤ ያልወሰዱባትን ሲሰጧት ግን በውኃዋ ትመልሰዋለች። ይህን ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ትውልድ ማሳደግ የመምህራን ሥራ ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ማዕድን ከወጣ በኋላ የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው? እያንዳንዳቸው ስለምን ያሠጋሉ?

2. ርዝመቱ 30 ሜትር፥ ወርዱ 2 ሜትር፥ ከፍታው 2 ሜትር የሆነ ዋሻ ባዶው ስንት ሜትር ኩብ ነው? አንዱ ሜትር ኩብ ቋጥኝ ሲፈለጥ 1.5 ቢሆን፥ ዋሻው ከሞላ በኋላ ከደጅ ስንት ይቀራል?

3. የከሰል አመድ ከኖራ ጋር ሲገናኝ የሚጠነክረው ስለምን ነው? የዐፄ ፋሲል ግንብ ድንጋይስ በምን ተያያዘ?

4. በመሙላትና በመደበቅ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከአልዛስ ታሪክ ጋር አገናዝባችሁ መልሱ።

5. በመንደራችሁ አጠገብ ያለ አንድ ጕድጓድ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ በአራቱ ነገሮች መሠረት ጻፉ። ወደ ጕድጓዱ ግን አትግቡ።